የሠዓሊው መሣሪያ የማን ነው?
የነፃ የሥዕልና የአኒሜሽን ሶፍትዌር ታሪክ ባጭሩ

የሥነ ጥበብ ታሪክ በአብዛኛው የሚነገረው በሠዓሊዎችና በሥራዎቻቸው ስም ነው። ሥራው የተሠራበት መሣሪያ የማን ንብረት እንደ ነበረ ግን እምብዛም አይጠየቅም። በቀደመው ዘመን ጥያቄው አለመነሣቱ አያስደንቅም፤ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ቀለሙን ራሱ ይበጠብጥ፣ ሙያውንም ለደቀ መዝሙሩ በእጁ ያስተላልፍ ነበርና። ሥዕልና ፊልም በኮምፒዩተር መሠራት ከጀመሩ ወዲህ ግን ሁኔታው ተለወጠ። የሠዓሊው ብሩሽ በኩባንያ የተጻፈ ፕሮግራም ሆነ። ኩባንያው ዋጋ ቢያንር ወይም ቢዘጋ፣ ሠዓሊው መሣሪያውን ብቻ ሳይሆን በዚያ መሣሪያ ያከማቸውን ሥራ ጭምር ለማጣት ተጋለጠ።

ለዚህ ችግር መልስ ይዞ የተነሣው የነፃ ሶፍትዌር እንቅስቃሴ ነው። እንቅስቃሴውን እ.ኤ.አ. በ1983 የጀመረው አሜሪካዊው የፕሮግራም ባለሙያ ሪቻርድ ስቶልማን ሲሆን፣ መሠረተ ሐሳቡም ማንኛውም ሰው ፕሮግራሙን ለፈለገው ተግባር የማዋል፣ አሠራሩን የመመርመርና የማሻሻል፣ ቅጂውንም ለሌላው የማካፈል መብት ይኑረው የሚል ነው። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው «ነፃ» የሚለው ቃል ነው። በቋንቋችን «በነፃ» ሲባል ያለ ዋጋ፣ «ነፃ» ሲባል ደግሞ አርነት ያለው ማለት ነው፤ የእንቅስቃሴው ዋነኛ ዓላማ ሁለተኛው ነው። ሐሳቡ ወደ ሥዕሉ ዓለም ለመግባት ጊዜ አልፈጀበትም። እ.ኤ.አ. በ1995 በበርክሌይ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የነበሩት ስፔንሰር ኪምባልና ፒተር ማቲስ ጊምፕ የተባለውን የምስል ፕሮግራም መሥራት ጀመሩ፤ በተከታዩም ዓመት ለሕዝብ አቀረቡት።

የባለቤትነቱ ጥያቄ ጎልቶ የወጣው ግን በብሌንደር ታሪክ ነው። ብሌንደርን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ የጻፈው ኔዘርላንዳዊው ቶን ሮዘንዳል ሲሆን፣ ፕሮግራሙ በመጀመሪያ ያገለግል የነበረው ኒዮጂኦ በተባለው የአኒሜሽን ድርጅቱ ውስጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1998 ፕሮግራሙን የሚያሠራጭ ኩባንያ ተቋቋመ። ይሁን እንጂ ትርፉ እንደ ታሰበው ባለመሆኑ እ.ኤ.አ. በ2002 መጀመሪያ ላይ ባለ ገንዘቦቹ ሥራውን ዘጉት። ፕሮግራሙ የሚሠራ ሆኖ ሳለ፣ ተጠቃሚዎችም እያሉት፣ የባለቤትነት መብቱ በባለ ገንዘቦች እጅ በመሆኑ ብቻ ከነሕይወቱ ሊቀበር ተቃረበ።

ሮዘንዳል ለትርፍ ያልቆመ ተቋም መሥርቶ ከባለ ገንዘቦቹ ጋር ተደራደረ፤ በ100,000 ዩሮም ተስማሙ። ገንዘቡን ያዋጡት በልዩ ልዩ አገሮች የሚኖሩ የፕሮግራሙ ተጠቃሚዎች ሲሆኑ፣ መዋጮው የተሟላው በሰባት ሳምንት ውስጥ ነበር። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንዲሉ፣ አንድ ድርጅት ያልቻለውን ብዙዎች ተካፍለው ተሸከሙት። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 13 ቀን 2002 የብሌንደር ምንጭ ኮድ በነፃ ፈቃድ ለሕዝብ ተለቀቀ።

ከዚያ በኋላ የታየው ውጤት የእርምጃውን ትክክለኛነት ያረጋግጣል። ተቋሙ እ.ኤ.አ. በ2006 «ኤሌፋንትስ ድሪም»ን፣ በ2008 «ቢግ በክ በኒ»ን፣ በ2010 ደግሞ «ሲንቴል»ን አጫጭር ፊልሞች አድርጎ ሲያወጣ፣ ፊልሞቹን ብቻ ሳይሆን የተሠሩባቸውን ፋይሎች ጭምር ለተማሪ ክፍት አደረገ። ይህም ደቀ መዝሙሩ ከመምህሩ እጅ ሥር ቁጭ ብሎ ከሚማርበት ጥንታዊ ልማድ ጋር የሚመሳሰል ነው።

በ«ሲንቴል» ዝግጅት ላይ ሥዕል ከሠሩት አንዱ ፈረንሳዊው ዳቪድ ረቭዋ ነበር። እርሱም እ.ኤ.አ. በ2014 «ፔፐር ኤ ካሮት» የተሰኘውን፣ የአንዲት ትንሽ ጠንቋይና የድመቷን ተከታታይ የሥዕል ታሪክ ጀመረ። ዋና መሣሪያው ክሪታ ነው፤ ይህም እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ በበጎ ፈቃደኞች ሲዳብር የቆየ፣ ስሙም በስዊድንኛ ጠመኔ ማለት የሆነ የሥዕል ፕሮግራም ነው። በሥራው ውስጥ ንግግሩ ከሥዕሉ ተነጥሎ ስለሚቀመጥ፣ ተርጓሚው ሥዕሉን ሳይነካ በራሱ ቋንቋ ሊጽፍበት ይችላል። ሠዓሊው ኑሮውን የሚደጉመው በአንባቢዎቹ መዋጮ ሲሆን፣ ሥራው በነፃ የሚነበብ ሆኖ ሳለ ግሌና የተባለው የፈረንሳይ አሳታሚ እ.ኤ.አ. በ2016 በመጽሐፍ አትሞታል።

የዚህ ጉዞ ታላቅ ምስክር የላትቪያው ጊንትስ ዚልባሎዲስ ፊልም «ፍሎው» ነው። በጎርፍ ውስጥ ስለምትጓዝ ድመት የሚተርከው፣ አንድም ቃል የማይነገርበት ይህ ፊልም በብሌንደር ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2024 ለሕዝብ ቀረበ። በ2025ም የኦስካርን የረጅም አኒሜሽን ፊልም ሽልማት ለትንሽቱ ላትቪያ አስገኘ።

በአንጻሩ ነፃ መሣሪያ ብቻውን ጥበብን እንደማይወልድ መካድ አይገባም። ኮምፒዩተርና መብራት ገንዘብ ይጠይቃሉ፤ ፕሮግራሙን የሚያሻሽሉት ባለሙያዎችም እንጀራ ያስፈልጋቸዋል። የእጅ ልምምድንና የታሪክ አወቃቀር ዕውቀትን የሚተካ ፕሮግራምም የለም።

ለእኛ ግን ጉዳዩ የሩቅ አይደለም። የንግሥተ ሳባን ታሪክ በተከታታይ ሣጥኖች ከፋፍሎ ከሥሩ ጽሑፍ እያኖረ የሚተርከው የአገራችን ሥዕል፣ የሥዕል ታሪክ ጥበብ ባዕዳችን እንዳልሆነ ያስረዳል። የግዕዝ ፊደልም እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ ሥርዓት ውስጥ ከተካተተ ወዲህ፣ በኮምፒዩተር በተሣለ ገጸ ባሕርይ አፍ አማርኛን ማኖር የሚያስቸግር አልሆነም። እንግዲህ የሥዕል መምህራንና የኪነ ጥበብ ማኅበራት ለተማሪው መሣሪያ ሲመርጡ ዛሬ ምን ያህል ያስከፍላል ከሚለው ጥያቄ ጎን፣ ነገ ማን ሊነጥቀው ይችላል የሚለውንም ሊያነሡ ይገባል።