ብሌን ለብሌን፦ ማዘዣ ላይ የማይጻፈው ቁጥር

ሜሪላንድ የምትኖረው እህቴ ደወለችና «ለእማዬ መነጽር ላዝዝላት ነው፤ የሐኪሙን ወረቀት ፎቶ አንሥተህ ላክልኝ» አለችኝ። ላክሁላት። ብዙም ሳይቆይ መልሳ ደወለች። «ቁጥሩን አስገብቻለሁ፤ አሁን ደግሞ ፒዲዋን ይጠይቀኛል። ስንት ነው?» ወረቀቱን ገልብጬ አየሁት። ቀኝ ዓይን አለ፣ ግራ ዓይን አለ፣ ለማንበብ የሚጨመረው አለ፣ ፊርማና ማኅተም አለ። ፒዲ የሚባል ነገር የለበትም።

የልጄን ማስመሪያ ይዤ እናቴን መስኮት አጠገብ አስቀመጥኳት። «ምኑን ነው የምትለካው?» አለችኝ። መልስ አጣሁ። ፒዲ ብላት ምንም አይነግራትም። «የዓይንሽን ርቀት» አልኳት። «ርቀቱንማ ሐኪሙ ለካኝ እኮ፤ ግድግዳው ላይ ያለውን ፊደል አስነበበኝ» አለች። «እሱን አይደለም እማዬ፤ ከዚህኛው ብሌንሽ እስከዚያኛው ብሌንሽ ያለውን ነው» ስላት፣ «እህ! ብሌን ለብሌን በለኛ» ብላ ፊቷን አቀናችልኝ።

ያን ቀን ያገኘኋትን ቃል ከዚያ ወዲህ አልተውኳትም። መነጽር ቤት ስገባ እጠቀምባታለሁ፤ ለጓደኞቼም አስተምሬያታለሁ። አሁን ደግሞ ለአንባቢ ላቅርባት።

ፒዲ ከእንግሊዝኛ ስሙ የተወሰደ የሁለት ፊደል ምኅጻር ነው። ከአንዱ ዓይን ብሌን መሐል እስከ ሌላው ዓይን ብሌን መሐል ያለውን ስፋት በሚሊ ሜትር ይናገራል። የአብዛኛው አዋቂ ሰው ልክ ከ54 እስከ 74 ሚሊ ሜትር ባለው ውስጥ ይወድቃል፤ አማካዩ 63 አካባቢ ነው። የሴቶች ልክ ከወንዶቹ በጥቂቱ ይጠብባል። የልጅ ፊት ገና ስለሚሰፋ በየመነጽሩ እንደገና መለካት አለበት፤ አዋቂ ግን አንዴ በትክክል ከተለካ ቁጥሩ ለዓመታት ያገለግለዋል።

ይህ ቁጥር ምን ይሠራል? ሌንስ ሁሉ እምብርት አለው። ብርሃን ሳይታጠፍ ቀጥ ብሎ የሚያልፍባት አንዲት ነጥብ ናት። ከእምብርቱ በራቅን ቁጥር ሌንሱ ብርሃኑን እያጠፈው፣ የምናየውን ነገር ካለበት ቦታ ገፋ አድርጎ ያሳየናል። ስለዚህ የመነጽር ሠሪው ሥራ ቁጥሩን አስተካክሎ መቁረጥ ብቻ ሆኖ አያበቃም፤ የቀኙን እምብርት ከቀኝ ብሌን ፊት፣ የግራውን ከግራ ብሌን ፊት ማሳረፍ አለበት። ለዚህ የሚመራው ብሌን ለብሌን ነው።

እኔ ይህን የተማርኩት በራስ ምታት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ሰፋ ያለ ፍሬም ወድጄ አሠራሁ። የዓይኔ ቁጥር በሁለቱም በኩል ኔጌቲቭ 5 ነው። መነጽሩን ተቀብዬ ሳነብበት ምንም አላለኝም፤ ያታለለኝም ይኸው ነው። ራቅ ያለ ነገር ሳይ ግን ከዓይኔ ጀርባ የሆነ ነገር ይጎትተኛል። ማታ ማታ ሲደክመኝ ከፊቴ ያለው መኪና ታርጋ ሁለት ይሆንብኛል። ወደ ሠራልኝ ቤት ተመለስኩ። «አዲስ ስለሆነ ነው፤ ይለመዳል» አሉኝ። ሁለት ሳምንት ታገሥኩ። አልተለመደም።

ሌላ መነጽር ቤት ያገኘሁት አንድ ረጋ ያለ ባለሙያ መነጽሩን ተቀብሎ መለኪያ መሣሪያው ላይ አስቀመጠና በእያንዳንዱ ሌንስ ላይ አንዳንድ የቀለም ነጥብ ጣለበት። ከዚያ «እስቲ አድርገው፤ መስታወቱን እይ» አለኝ። ነጥቦቹ የሌንሶቹ እምብርቶች ናቸው። ብሌኖቼ ላይ ያርፋሉ ብዬ ስጠብቅ፣ ሁለቱም ወደ ጆሮዬ ሸሽተው ቆመዋል። ከዚያ በላይ ማስረዳት አላስፈለገውም።

ሒሳቡን ግን ጨምሮ አሳየኝ፤ ማንም ቤቱ ሊያደርገው የሚችል ነው። መነጽርዎን አውልቀው የጆሮ ማንጠልጠያውን ውስጠኛ ጎን ይመልከቱ። አብዛኛው ፍሬም ላይ ሦስት ቁጥሮች በደቃቅ ጽሑፍ ታትመዋል። የእኔው 56፣ ከዚያ ትንሽ አራት ማዕዘን፣ ከዚያ 18፣ በመጨረሻም 140 ይል ነበር። 56 የአንዱ ሌንስ ወርድ ነው፤ 18 አፍንጫ ላይ የሚቀመጠው ድልድይ፤ 140 የማንጠልጠያው ርዝመት። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሲደምሩ 74 ይመጣል። ይህ ከአንዱ ሌንስ ወርድ መሐል እስከ ሌላው ሌንስ ወርድ መሐል ያለው ስፋት፣ ማለትም የፍሬሙ የራሱ ብሌን ለብሌን ነው። የእኔ ግን 62 ነው። ልዩነቱ 12 ሚሊ ሜትር፤ ለእያንዳንዱ ዓይን 6። ጥሩ ሠሪ ሌንሱን ሲቆርጥ እምብርቱን በ6 ሚሊ ሜትር ወደ አፍንጫ ያስጠጋዋል። የእኔን የሠሩት ሰዎች ብሌን ለብሌኔን ስላልለኩ እምብርቱን ፍሬሙ መሐል ላይ ጥለውት ነው ያወጡት።

6 ሚሊ ሜትር ምን ያህል ጉዳት ያደርሳል? በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አሜሪካዊው የመነጽር ባለሙያ ቻርልስ ፕሬንቲስ ያስቀመጠው ቀላል ሕግ አለ፤ ዛሬም ድረስ በስሙ ይጠራል። እምብርቱ የራቀበትን በሴንቲ ሜትር ወስደህ በሌንሱ ቁጥር አባዛው ይላል። 0.6 በ5 ሲባዛ 3 ይሆናል። ይህ 3 ፕሪዝም ዳዮፕተር ይባላል፤ አንድ ሜትር ላይ ያለ ነገር 3 ሴንቲ ሜትር ተገፍቶ ይታያል ማለት ነው። ሁለቱ ዓይኖች ሲደመሩ 6። ግፊቱም በእኔ ሁኔታ ዓይኖቼን ወደ ውጭ፣ ወደ ጆሮ የሚጠራ ነበር። ዓይን ደግሞ ወደ አፍንጫ መሰብሰብ ይችልበታል፤ ስናነብ ሁልጊዜ የምናደርገው ነውና። ሁለቱም ባንድ ጊዜ ወደ ጆሮ ተከፈቱ ሲባሉ ግን ጡንቻዎቹ አቅማቸው ትንሽ ነው። ሳነብ ደህና ሆኜ ሩቅ ሳይ የምሰቃየው ለዚህ ነበር።

የዓይን ቁጥሩ አነስተኛ የሆነ ሰው እንዲህ ያለውን ስሕተት ላያስተውለው ይችላል። ቁጥሩ 1 ቢሆን ኖሮ ያው 6 ሚሊ ሜትር በአንዱ ዓይን የሚያመጣው ግፊት አንድ ሜትር ላይ አንድ ሴንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። መንገድ ዳር ተደርድሮ የሚሸጠው የማንበቢያ መነጽር ብዙ ሰውን የሚያገለግለውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ለአማካይ ፊት ተሠርቶ፣ ሁለቱም ሌንስ አንድ ዓይነት ቁጥር ይዞ ይመጣል፤ ፊቱ ከአማካዩ ብዙም ያልራቀ ሰው ይጠቀምበታል። ቁጥሩ ከፍ ሲል፣ ፍሬሙም ሲሰፋ ግን ይቅርታ የለም። ቁጥር ያለው የጸሐይ መነጽር ለሚያሠራ ሰው በተለይ አስጠነቅቃለሁ፤ የጸሐይ ፍሬም አብዛኛውን ጊዜ ሰፊ ነው። (ቁጥር ለሌለው የጸሐይ መነጽር ብሌን ለብሌን አያስጨንቅም።)

ታዲያ ይህን የሚያህል ቁጥር ለምን ማዘዣው ላይ አይጻፍም? የዓይን ምርመራ የሚያልቀው ዓይን የሚፈልገውን ኃይል በማወቅ ነው፤ ሌንሱን ፊት ላይ ማሳረፍ የመነጽር ቤቱ ድርሻ ተደርጎ ቆይቷል። ሐኪም ዘንድ ተመርምረን እዚያው ሰፈር በምናሠራበት ዘመን ይህ ችግር አልነበረውም፤ ፊታችንን ይዘን ነው የምንሄደው። በአሜሪካ ከ1978 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መርማሪው ማዘዣውን ለታካሚው እንዲሰጥ የፌዴራል ደንብ ያስገድዳል፤ ያም ደንብ ቢሆን ብሌን ለብሌንን ጻፉ አይልም። አሁን ግን ፊት አዲስ አበባ ተቀምጦ መነጽሩ ሜሪላንድ ይታዘዛል።

ወደ ቃሉ ልመለስ። ያልመረጥኳቸውን ልንገራችሁ። «የዓይን ርቀት» እናቴን ያሳታት ነው፤ «የርቀት መነጽር» እያልን ሩቅ ማሳያውን ስለምንጠራ፣ ርቀት የሚለው ቃል በዚህ ሙያ ሥራ ተይዞበታል። «የብሌን ልክ» አጭርና ጥሩ መስሎኝ ነበር፤ ነገር ግን የጫማ ልክ ስንል የጫማውን መጠን እንደምንለው የብሌኑን የራሱን ስፋት ያስመስላል፤ ብሌን ደግሞ በብርሃን ሲጠብ በጨለማ ሲሰፋ የሚውል ነው። ብሌን ለብሌን ግን እንደ ፊት ለፊት፣ እንደ ጎን ለጎን የተሠራ ነው፤ ማንም ሰምቶ ምን እንደሆነ ያውቀዋል። ለመናገርም ይመቻል፦ «ብሌን ለብሌኔ 62 ነው»፣ «ብሌን ለብሌኔን ጻፉልኝ»። የሩቅና የቅርብ አለው፤ ስናነብ ዓይናችን ስለሚሰበሰብ የቅርቡ ከሩቁ በ3 ወይም በ4 ሚሊ ሜትር ያንሳል። የሁሉም ሰው አፍንጫ መሐል ላይ ስለማይቆምም ባለሙያዎች እያንዳንዱን ዓይን ለብቻው ይለካሉ፤ 30 እና 32 እንደማለት። ለእርሱ «አፍንጫ ለብሌን» እላለሁ። ከላይ ሩቅ፣ ከታች ቅርብ የሚያሳየውን ባለ ብዙ ደረጃ ሌንስ የሚያሠራ ሰው ይህ ለየብቻ የተለካው ነው የሚያስፈልገው።

ብሌን የሚለው ቃል ራሱ ደስ ይለኛል። ግዕዙ ብንተ ዐይን ይለዋል። ይህች ብንት ከዓረብኛው ቢንት ጋር ዘመድ ናት፤ ቢንት ሴት ልጅ ነው። ላቲኑም ፑፒላ ሲል ትንሽ ልጃገረድ ወይም አሻንጉሊት ማለቱ ነበር። ሰው ሌላ ሰው ዓይን ውስጥ አተኩሮ ሲያይ የራሱን ትንሽ ምስል ያገኛል፤ ስሙም ከዚያ መጥቷል ይባላል።

የእናቴን ስለካ እኔም አየሁት፤ መስኮቱ፣ ማስመሪያውና እኔ ተጠቃልለን እዚያች ጥቁር ነጥብ ውስጥ ነበርን። አለካኩ እንዲህ ነው። ክንድ ባልሞላ ርቀት ፊት ለፊት ቁጭ አልን። ማስመሪያውን ከቅንድቧ በታች አሳረፍኩት። ቀኝ ዓይኔን ጨፍኜ «ግራ ዓይኔን እዪ» አልኳት፤ ዜሮውን በቀኝ ዓይኗ ላይ አስተካከልኩ። ከዚያ ጭንቅላቴን ሳላነቃንቅ ግራዬን ጨፍኜ ቀኙን ከፈትኩና «አሁን ይኸኛውን እዪ» ብዬ በግራ ዓይኗ ላይ ያለውን ቁጥር አነበብኩ። የእኛ ሰው ዓይን ጠቆር ስለሚል ብሌኑ ከዙሪያው አይለይም፤ በዚህ ብዙ ሰው ይቸገራል። መፍትሔው ጥቁሩና ነጩ የሚገናኙበትን መስመር መያዝ ነው፦ በቀኝ ዓይኗ በጆሮ በኩል ካለው ጠርዝ ጀምሬ፣ በግራ ዓይኗ በአፍንጫ በኩል እስካለው ጠርዝ ለካሁ። የሁለቱ ዓይኖች ጥቁር ክፍል እኩል ስለሆነ ከመሐል እስከ መሐል የለካ ያህል ነው። ሦስት ጊዜ ደገምኩት። 61፣ 62፣ 62 መጣ።

ለማረጋገጥ ያን የቀለም ነጥብ የጣለልኝ ባለሙያ ዘንድ ወሰድኳት። በመሣሪያው ለካት፤ የሩቁ 62፣ የቅርቡ 59። እናቴ መነጽሩን የምትፈልገው ዳዊቷን ለመድገም ስለነበር ለእህቴ የላክሁላት 59ኙን ነው።

መነጽሩ በሰው እጅ መጣ። እናቴ ዳዊቷን ከፍታ ጥቂት ካነበበች በኋላ ወደ መጀመሪያው ገጽ መለሰችው። የሁላችንም የልደት ቀን በአባቴ እጅ ጽሑፍ የሰፈረበት ገጽ ነው። እስክሪብቶ አቀበለችኝና «እዚህ ታች ጻፍልኝ፤ ደግሞ እንዳይጠፋብን» አለችኝ። ከታናሽ ወንድሜ ልደት ሥር «ብሌን ለብሌን፦ 62፣ ለዳዊት 59» ብዬ ጻፍኩላት።