ከቀለም ወደ ወረቀት፦ ያገለገለ መኪና አቀራረብ ታሪክ በአሜሪካ

በሬ ወይም ፈረስ የሚገዛ ሰው ጥርሱን ገልጦ ዕድሜውን፣ አስኪዶ እግሩን ሊመረምር ይችላል፤ ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው ግን የሞተሩ መበላት ከብረት በስተጀርባ ስለሚደበቅበት፣ ሻጩ የሚያውቀውን ያህል ለማወቅ ዓይኑ ብቻውን አይበቃውም። በዚህ ምክንያት አቀራረብ፣ ማለትም መኪናው ለገዥ ዓይንና ጆሮ የሚሰናዳበት መንገድ፣ ከንግዱ መጀመሪያ አንሥቶ ከዕቃው ያልተናነሰ ዋጋ ነበረው። ይህ ንግድ ቀድሞ በተስፋፋባት በዩናይትድ ስቴትስ፣ አቀራረቡ በሰባት ዐሥርት ዓመታት ገደማ ከመኪናው ቀለም ወደ መስኮቱ ወረቀት ተሸጋግሯል፤ ሆኖም ከዚህ በታች እንደሚታየው፣ ገዥው አጥብቆ የሚፈልገው አንድ ቃል በወረቀቱ ላይ ሳይሰፍር ቀርቷል።

ፎርድ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1908 (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ሞዴል ቲ የተባለውን መኪና በ850 ዶላር ገደማ ለገበያ ሲያቀርብ፣ አብዛኛው ገዥ ከዚያ በፊት መኪና ኖሮት ስለማያውቅ የአሮጌ መኪና ነገር ነጋዴውን እምብዛም አያሳስበውም ነበር። በ1920ዎቹ ግን የዚያው መኪና ዋጋ ከ300 ዶላር በታች ወረደ፤ ጄኔራል ሞተርስም በ1919 ባቋቋመው የብድር ድርጅት አማካይነት በየወሩ እየከፈሉ መግዛትን አስለመደ፤ ቀጥሎም በየዓመቱ መልኩ የታደሰ መኪና ማውጣት ጀመረ። ደንበኛው አሮጌውን አስረክቦ ልዩነቱን በመጨመር አዲሱን የሚወስድበት፣ በአማርኛ ልዋጭ ከሚባለው ጋር የሚመሳሰል አሠራር በመስፋፋቱም፣ የአዲስ መኪና ነጋዴው ሳይወድ የአሮጌ መኪና ነጋዴ ሆነ። የሎስ አንጀለሱ ነጋዴ ሌስ ኬሊ በ1926 ብሉ ቡክ የተባለውን የዋጋ መዝገብ ማሳተሙ፣ ያገለገለ መኪና የራሱ ገበያና የራሱ ተመን እንዳገኘ ያሳያል።

በሜዳ ላይ የሚከናወነው ይህ ገበያ የራሱን የማሰናዳት ጥበብ አዳበረ። መልካቸው የሚስብ መኪኖች በመንገዱ ዳር በፊተኛው ረድፍ ይቆማሉ፤ ከበላያቸው አምፖልና ባለ ቀለም ጨርቅ ይዘረጋል፤ ሞተሩ በእንፋሎት ይታጠባል፤ ጎማው ጥቁር ቀለም ይቀባል፤ የተበላ የፔዳል ጎማ የመኪናውን ዕድሜ ስለሚያጋልጥ በአዲስ ይተካል። ይህ ሁሉ ከማስዋብ ሊቆጠር ይችል ይሆናል፤ ከዚያ ያለፈው ግን ጉድለትን ለጊዜው ዝም የሚያሰኝ ብልሃት ነበር። በዚህ ረገድ ስሙ በብዛት የሚነሣው፣ የተበላ የካምቢዮ ጥርስ ድምፅ እንዳያሰማ በዘይቱ ውስጥ ሰጋቱራ፣ ማለትም የእንጨት መሰንጠቂያ ብናኝ፣ መጨመር ሲሆን፣ ወፍራም ዘይት ደግሞ የደከመ ሞተር ገዥው መኪናውን ነድቶ እስኪሞክር ድረስ ጤነኛ እንዲመስል ያደርግ ነበር።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ የነጋዴው ማንነት ራሱ የአቀራረቡ አካል ሆነ። በሎስ አንጀለስ «ዕብዱ» በሚል ቅጽል የታወቀው ኧርል መንትዝ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ቀይ የውስጥ ልብስና የናፖሊዮን ባርኔጣ ለብሶ እየታየ፣ የዕለቱ መኪና ካልተሸጠ በመዶሻ እንደሚሰባብረው ይናገር ነበር፤ ከእርሱ በኋላ የመጣው ካል ወርዚንግተን ደግሞ «ውሻዬ» እያለ ነብርና ዝሆን ይዞ በቴሌቪዥን ይቀርብ ነበር። እብደት መስሎ የሚታየው ይህ ትርዒት ስሌት ነበረው፤ የሚያስቅ ሻጭ የሚያታልል አይመስልምና።

የገበያውን ሕመም በንድፈ ሐሳብ የገለጸው በ1970 የታተመው የጆርጅ አከርሎፍ ጽሑፍ ሲሆን፣ ደራሲው በ2001 የኖቤልን የኢኮኖሚክስ ሽልማት ከሌሎች ሁለት ምሁራን ጋር ተካፍሏል። አሜሪካውያን ብልሹ መኪናን «ሎሚ» ይሉታል። አከርሎፍ እንዳስረዳው ገዥው ሎሚውን ከደኅናው መለየት ስለማይችል ለሁሉም አማካይ ዋጋ ብቻ ይሰጣል፤ ይህ ዋጋ የማያዋጣው የደኅና መኪና ባለቤት ከገበያው ሲወጣ ሎሚው ይበዛል፤ በዚህም ማታለሉ ገዥውን ብቻ ሳይሆን ሐቀኛውን ሻጭም ይጎዳል።

ሕግ አውጪው በመጀመሪያ የተጋፈጠው የማይል ቆጣሪውን ነበር። የተነዳውን ርቀት ለማሳነስ ቆጣሪን ወደ ኋላ መመለስ በ1972 በፌዴራል ሕግ ተከለከለ፤ በ1986 ደግሞ ባለቤትነት በሚተላለፍበት ጊዜ የቆጣሪው ንባብ፣ የእኛን ሊብሬ በሚመስለው የባለቤትነት ሰነድ ላይ እንዲጻፍ ታዘዘ። በመካከሉ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ነጋዴው የሚያውቃቸውን ዋና ዋና ጉድለቶች በመኪናው ላይ በሚለጠፍ ወረቀት እንዲገልጽ የሚያስገድድ ደንብ ቢያወጣም፣ ኮንግረስ በ1982 ሻረው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በተከታዩ ዓመት ይህ ዓይነቱ መሻር ከሕገ መንግሥቱ ጋር እንደማይጣጣም ወሰነ፤ ሆኖም በ1984 እንደገና የወጣው ደንብ ጉድለትን የመግለጽ ግዴታውን አስቀርቶ ነበር። ከ1985 ጀምሮ በመስኮት የሚታየው «የገዥ መምሪያ» በዋናነት የሚናገረው መኪናው ዋስትና ያለው ወይም «ባለበት ሁኔታ» የሚሸጥ መሆኑን ነው፤ ባለበት ሁኔታ ማለትም ከሽያጩ በኋላ ለሚወጣው የጥገና ወጪ ሻጩ ኃላፊነት አይወስድም ማለት ነው።

ደንቡ የተወውን ክፍተት ንግዱ ራሱ በከፊል ሞላው። በ1984 በሚዙሪ ግዛት የተመሠረተው ካርፋክስ የመኪናን ያለፈ ታሪክ እየሰበሰበ የሚሸጥ ድርጅት ሆነ፤ በ1993 በሪችመንድ ከተማ የተከፈተው ካርማክስም ክርክር የሌለበትን ቁርጥ ዋጋ አስተዋወቀ። የካርፋክስ መረጃ ለገዥው የሚሰጠው ግን በመዝገብ የሰፈረውን ብቻ ነው፤ ያልተመዘገበ ግጭት ወይም ጥገና ሳይደርሰው የቀረ ሞተር በወረቀት አይታይም። የገዥ መምሪያውም ይህን የወረቀት ገደብ የሚያምን ይመስላል፤ ምክንያቱም ገዥው መኪናውን በራሱ መካኒክ ማስመርመር ይችል እንደሆነ ነጋዴውን እንዲጠይቅ ይመክራል፤ አዲስ አበባ ውስጥም ገዥ ወደ ሻጭ ሲሄድ የሚያምነውን መካኒክ አስከትሎ መሄዱ ከዚሁ ዓይነት ጥርጣሬ የመነጨ ነው።