የማንዶሊን ድምፅና የእጅ ጥበብ ትዝታ

«ትዝታ» የሚለው ቃል በአማርኛ ሁለት ነገር ያመለክታል። አንደኛው ያለፈውን ማሰብ፣ የራቀውን መናፈቅ ነው። ሁለተኛው ከአራቱ የዘፈን ቅኝቶች የአንዱ መጠሪያ ነው፤ የቀሩት ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ይባላሉ። እንግዲህ በዚህ አገር ናፍቆት የልብ ስሜት ብቻ ሳይሆን በክር ላይ የሚቃኝ ነገርም ነው።

ይሁን እንጂ የቀድሞው ዘመን ሙዚቃ ሲናፈቅ ስማቸው የሚጠራው አብዛኛውን ጊዜ ዘፋኞቹ ናቸው። ጥላሁን ገሠሠ ይባላል፤ ብዙነሽ በቀለ ትባላለች። ከበስተኋላ ተቀምጦ ክሩን የመታው፣ ዋሽንቱን የነፋው፣ ከበሮውን የደበደበው እጅ የማን እንደ ነበረ የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። ድምፅስ በሸክላ ተቀርጾ ይቀመጣል፤ እጅ ግን ከሌላ እጅ ካልተማረ በቀር የሚቀመጥበት ዕቃ የለውም። የማስተማር ሥራ የያዘ ሰው ይህን ልዩነት ከሌላው ይልቅ ቢያስተውለው አያስደንቅም።

ክራርን ለምሳሌ መውሰድ ይቻላል። ክራር አምስት ወይም ስድስት ክር ያለው መሣሪያ ሲሆን፣ ተጫዋቹ በሁለት መንገድ ይጫወትበታል። በአንደኛው ክሮቹን በጣቶቹ አንድ በአንድ ይነካል። በሁለተኛው ቀኝ እጁ በመምቻ ክሮቹን ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲገርፍ፣ የግራ እጁ ጣቶች መሰማት የማይገባቸውን ክሮች ከወዲያ በኩል አፍነው ይይዛሉ። ስለዚህ ዜማውን የሚያወጣው የሚመታው እጅ ብቻ አይደለም፤ ዝም የሚያሰኘውም እጅ ነው። ይህን በጽሑፍ መግለጽ ይቻል ይሆናል፤ በጽሑፍ ማስተማር ግን እጅግ ያስቸግራል። ማሲንቆም እንደዚሁ ነው። ከፈረስ ጭራ የተሠራው አንድ ክር ጣት የሚያርፍበት ምልክት የለውም፤ የአዝማሪ ልጅ የጣቱን ስፍራ የሚያገኘው አባቱን እያየና እየሰማ ነው። ከነዚህ ቤቶችና ከከተማው ጨዋታ የወጣውን የክራር ጥበብ እነ ሜሪ አርምዴ፣ እነ ካሣ ተሰማና እነ አስናቀች ወርቁ ወደ መድረክና ወደ ሸክላ አደረሱት፤ አስናቀች ደግሞ ከክራሩ ሌላ በቴአትር ተዋናይነትም የታወቁ ነበሩ።

የውጭው መሣሪያ የመጣው በሌላ በር ነው። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ኢየሩሳሌምን በጎበኙ ጊዜ ያገኟቸው አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች ወደ ዐዲስ አበባ መጥተው የነሐስ ሙዚቃ ጓድ ሆኑ። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን በ1923 ዓ.ም. በንግሥ በዓል የተሰማውን የብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሱ፤ ቃሉ የዮፍታሔ ንጉሤ ነው። ከጠላት ወረራ በኋላ የክቡር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊትና የፖሊስ የሙዚቃ ክፍሎች እየተጠናከሩ ሄዱ፤ በ1948 ዓ.ም. ደግሞ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ተከፈተ። የኬቮርክ የወንድም ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን በዚያ ቤት ብዙ ሙዚቀኞችን አሠለጠኑ። በነዚህ ክፍሎች ውስጥ የገባ ወጣት ኖታ ማንበብን ተማረ፤ ከቤቱ ይዞት የመጣውን ዜማ ግን በር ላይ አስቀምጦ አልገባም።

ለዚህ ከሁሉ የሚሻለው ምስክር ጌታቸው መኩሪያ ናቸው። በልጅነታቸው ክራርና ማሲንቆ ተጫውተዋል፤ በኋላም ክላሪኔትና ሳክስፎን ይዘው በማዘጋጃ ቤት፣ በቴአትሩና በፖሊስ የሙዚቃ ክፍሎች አገልግለዋል። ሽለላን፣ ማለትም የጦረኛውን ፉከራ፣ በሳክስፎን ማሰማት የጀመሩት እርሳቸው ናቸው። የሚያዳምጣቸው ሰው ቃል ሳይሰማ ፉከራውን ያውቀዋል፤ የተሸላዩ ትንፋሽ፣ ማጓራቱና ድንገት መቆሙ ሁሉ በዚያ ናስ ውስጥ አለ። ይህ ከውጭ የተቀዳ ነገር አልነበረም።

ማንዶሊን ወደዚህ ማኅበር የገባው እንደ ታናሽ እንግዳ ነው። የኢጣሊያ፣ ይልቁንም የናፖሊ ዕቃ ሲሆን፣ በ18ኛው መቶ ዓመት በዚያች ከተማ በነበሩት በቪናቺያ ቤተ ሰብ ሠሪዎች እጅ መልኩን ያዘ። ስምንት ክሮች አሉት፤ ነገር ግን ጥንድ ጥንዱ በአንድ ድምፅ ስለሚቃኝ እንደ አራት ይቈጠራሉ። አቃኛኘቱ የቫዮሊን ነው፤ ሶል፣ ሬ፣ ላ፣ ሚ። ክሩ አጭር ስለ ሆነ አንድ ጊዜ ሲመታ ድምፁ ወዲያው ይሞታል። ስለዚህ ድምፁን ማስረዘም የሚሻ ተጫዋች መምቻውን በጥንዶቹ ክሮች ላይ እጅግ በፍጥነት ወደ ታችና ወደ ላይ ያመላልሳል፤ ሙዚቀኞች ይህን ትሬሞሎ ይሉታል። በጎበዝ እጅ ሲሆን ምቶቹ መቈጠራቸው ቀርቶ አንድ የሚንቀጠቀጥ ድምፅ ይሆናሉ፤ በሰነፍ እጅ ሲሆን ግን ቆርቆሮ ላይ የወረደ በረዶ ይመስላሉ።

ይህ የናፖሊ ዕቃ ከትዝታ ቅኝት ጋራ ያለው መስማማት አስደናቂ ነው። ከሶል የሚነሣው ሜጀር የሚባለው ትዝታ አምስት ድምፆች አሉት፤ ሶል፣ ላ፣ ሲ፣ ሬ፣ ሚ። አራቱ የማንዶሊን ባዶ ክሮች ሁሉ ከነዚሁ ከአምስቱ ውስጥ ይገኛሉ፤ የቀረው ሲ ብቻ ነው። ሠሪው ይህን አስቦ አላደረገውም፤ ሆኖም ጀማሪ እንኳ ግራ እጁን ሳያሳርፍ ክሮቹን ቢነካ የትዝታን ጠረን ያገኛል። ሌላም ጥቅም አለው። የክራር ተጫዋች ከትዝታ ወደ ባቲ ለመሻገር ክሮቹን እንደገና መቃኘት አለበት፤ የማንዶሊን ተጫዋች ጣቱን ብቻ ያዛውራል። በሌላ በኩል ደግሞ በአንገቱ ላይ የተተከሉት ብረቶች ድምፁን በየስፍራው ስለሚያስሩት፣ በማሲንቆ ላይ ከድምፅ ወደ ድምፅ ተንሸራቶ የሚሄደው ጣት በማንዶሊን ላይ መንገዱ ይዘጋበታል። ያንን እጦት የሚሸፍነው የቀኝ እጅ ቅልጥፍና ነው። የማንዶሊን ጥበብ ያለው እንግዲህ በዚህ ነው፤ መሣሪያው የከለከለውን እጅ እንዲተካው። በዐዲስ አበባ በዚህ የታወቁት አንጋፋው ሙዚቀኛ አየለ ማሞ ናቸው።

በዚያው ዘመን በእንግሊዝ አገርም ተመሳሳይ ነገር ይደረግ ነበር። የኤሌክትሪክ ጊታርና ከበሮ የያዙ ወጣቶች ወደ አያቶቻቸው የገጠር ዘፈን ተመለሱ፤ ስልቱም ፎክ ሮክ ተባለ። ፌርፖርት ኮንቬንሽን የተባለው ጓድ እ.ኤ.አ. በ1969 «ሊጅ ኤንድ ሊፍ» የተሰኘውን ሸክላ ሲያወጣ፣ ከመካከላቸው በቫዮሊንና በማንዶሊን የተካነው ዴቭ ስዋርብሪክ ነበረ። በዚሁ በ1969 በዐዲስ አበባ ወጣቱ ነጋዴ አምሃ እሸቴ የመጀመሪያውን ሸክላ አሳተመ። በዚያን ጊዜ ሸክላ የማሳተም መብት በአዋጅ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ስለ ነበረ፣ አምሃ ያን ማድረጉ ድፍረት ነበረ። ሁለቱ ከተሞች አንዱ ስለ ሌላው የሚያውቁት ነገር አልነበረም፤ የአገሩን ዜማ በአዲስ መሣሪያ የመጫወቱ ሥራ ግን አንድ ዓይነት ነው። እንግሊዞቹ ስም አወጡለት፤ በዐዲስ አበባ የተለየ ስም ሳያስፈልገው ተሠራ።

ስለ ስም ከተነሣ ዘንድ፣ ሮድ ስቱዋርት እ.ኤ.አ. በ1971 ባወጣው «ማጊ ሜይ» በተባለው ዘፈን መጨረሻ ላይ ማንዶሊን ይሰማል። ዘፈኑ በዓለም ሲዞር ሰው ሁሉ ያንን ማንዶሊን አብሮ አንጎራጎረው። በሸክላው ልባስ ላይ ግን የተጫዋቹ ስም አልተጻፈም፤ ሊንድስፋርን የተባለው ጓድ ማንዶሊን ተጫዋች እንደ ሆነና ስሙ እንደ ተረሳ ብቻ ተጠቅሶ ነበር። ሰውየው ሬይ ጃክሰን ይባላል። በዐዲስ አበባ ሸክላዎችም ላይ ቢሆን የዘፋኙ ስም በትልቁ፣ የጓዱ ስም በትንሹ ይታተም ነበር እንጂ የየተጫዋቹ ስም እምብዛም አይገኝም። አንድ ሰው ዛሬ እነዚያን ሸክላዎች ሲሰማ የሚያደንቀው እጅ ባለቤቱ ያልታወቀ ሊሆን የሚችለው ስለዚህ ነው።

ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ የሌሊቱ ሰዓት እላፊ መጣ። የሙዚቃ ጓድ የሚያድገው በሌሊት ነው፤ በየማታው አራትና አምስት ሰዓት በሰው ፊት የሚጫወት ሰው ከልምምድ ቤት የማያገኘውን ይማራል። ያ ልማድ ሲቋረጥ አንዳንድ ቤቶች በራቸውን ዘግተው እስኪነጋ ድረስ እንግዶቻቸውን ይዘው ያድሩ ነበር፤ ይህ ግን ለብዙዎቹ አልሆነም። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1975 አገሩን ለቆ ወጣ። ሸክላው ለካሴት ስፍራውን ተወ። ቀጥሎም ከበሮውንም፣ ባሱንም፣ ነፋሱንም ብቻውን የሚያሰማ የኤሌክትሪክ ኪቦርድ መጣ፤ አሥር ሰው ይቀመጥበት በነበረው መድረክ ላይ አንድ ሰው በቃ። ኪቦርዱን ብቻውን መውቀስ ግን ፍርድ ማጓደል ነው፤ ለአሥር ሙዚቀኞች የሚከፍል ቤት በጠፋበት ጊዜ ዘፋኙን ሥራ ፈትቶ ከመቀመጥ ያዳነው እርሱ ነውና።

የዋልያስ ጓድ ወደ አሜሪካ በተጓዘ ጊዜ እዚያው ከቀሩት አንዱ ኃይሉ መርጊያ ናቸው። እርሳቸውም እ.ኤ.አ. በ1985 በልጅነታቸው የያዙትን አኮርዲዮን ከኪቦርድና ከምት ማሽን ጋራ አድርገው ለብቻቸው አንድ ካሴት ቀረጹ። በዚያ ካሴት ላይ የጓድ ጨዋታ የለም፤ የጓድ ናፍቆት ግን አለ። ከዚያም በዋሽንግተን ታክሲ እየነዱ ኖሩ፤ ያ ካሴት እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና ታትሞ ወደ መድረክ እስኪመልሳቸው ድረስ።

የእጅ ትምህርት ሲቋረጥ ምን እንደሚጠፋ በገና ያሳያል። ዓለሙ አጋ አሥር ክሮች ያሉትን ይህን መሣሪያ በልጅነታቸው የተማሩት ከጎረቤታቸው ከአለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል ነው፤ በኋላም በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት አስተማሩት። በደርግ ዘመን ትምህርቱ ቢቆምም በገና ከነሙሉ ክብሩ ሊመለስ የቻለው፣ ከአለቃ ተሰማ እጅ የተቀበለ ሰው በሕይወት ስለ ነበረ ነው። ማንዶሊን በስተኋላው እንዲህ ያለ የቤተ ክርስቲያንና የቤተ መንግሥት ጥላ የለውም፤ የአዝማሪ ቤትም የለውም። የሚተማመነው በያዘው ሰው ብቻ ነው።

እ.ኤ.አ. ከ1997 አንሥቶ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ያሳተሟቸው «ኢትዮፒክ» የተባሉት ተከታታይ ሲዲዎች የዚያን ዘመን ድምፅ ለዓለም አሰሙ። ጌታቸው መኩሪያም በሰባ ዓመታቸው አካባቢ ዘ ኤክስ ከተባለው የሆላንድ የሮክ ጓድ ጋራ ሽለላቸውን በአውሮፓ መድረኮች አሰምተው፣ እ.ኤ.አ. በ2006 «ሞዐ አንበሳ» የተሰኘውን ሥራ አወጡ፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ዐረፉ። እነዚያ የሮክ ተጫዋቾች ለሽማግሌው ፉከራ አጃቢ ለመሆን ሲሉ ዜማውን ከእርሳቸው ትንፋሽ ተማሩ።

በዐዲስ አበባ ደግሞ የጊታርና የአኮርዲዮን ተጫዋቹ ግሩም መዝሙር ዐዲስ አኮስቲክ ፕሮጀክት የተባለውን ጓድ አቋቋመ። አሳቡ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና በ60ዎቹ የተወደዱትን ዘፈኖች ያለ ኪቦርድ፣ በአኮርዲዮን፣ በክላሪኔት፣ በጊታር፣ በባስ፣ በከበሮና በማንዶሊን እንደገና መጫወት ነበረ፤ ያወጡትም አልበም «ትውስታ» ይባላል። አብዛኛው ዘፈን ያለ ዘፋኝ የሚጫወት ስለ ሆነ፣ ቀድሞ ከድምፁ በስተኋላ የነበሩት እጆች ከፊት ቀረቡ። በታይቱ ሆቴል ውስጥ የነበረውና የቀጥታ ጨዋታ ይሰማበት የነበረው ጃዝአምባ በጥር 2007 ዓ.ም. በተነሣው ቃጠሎ ጠፋ፤ ጓዱ ያቀረበው አልበም ግን ይሰማል። በዚያም የማንዶሊኑ ተጫዋች ስም አልተረሳም፤ በዕድሜ ከሚያንሷቸው ተጫዋቾች መካከል አንጋፋው አየለ ማሞ ተቀምጠው፣ ቀኝ እጃቸው በጥንዶቹ ክሮች ላይ ሲመላለስ ይሰማል።