ሐሰተኛው ደብዳቤ በሐረር

ጃንዋሪ 3 ቀን 1855 እ.ኤ.አ. (ታኅሣሥ 1847 ዓ.ም.) አንድ እንግሊዛዊ ከሐረር ግንብ በር ደርሶ ለአሚሩ ሰላምታ ላከ። ከኤደን እንደመጣና አሚሩን ማየት እንደሚሻ አስነገረ። በሰሜን ደጃዝማች ካሳ ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ሊነግሡ ጥቂት ሳምንታት ቀርቷቸው ነበር።

እንግዳው አሚር አሕመድ ፊት ሲቀርብ ከኪሱ ደብዳቤ አወጣ፤ ኤደን ካለው የእንግሊዝ ሹም የመጣ ነው በሚል አቀረበው። አሚሩ ወረቀቱን ተቀብለው ብዙም ሳያምኑት አዩትና ምንጣፉ ላይ አኖሩት። ከዚያም ጉዳዩን በቃሉ እንዲያስረዳ ጠየቁት። ጥርጣሬያቸው ልክ ነበር። ደብዳቤውን የጻፈው ሹሙ ሳይሆን እንግዳው ራሱ ነው፤ የጻፈውም መንገድ ላይ ነው።

ይህ ሰው ሪቻርድ በርተን ይባላል። የምሥራቅ ህንድ ኩባንያ ጦር መኮንን ሲሆን የመጣው በኩባንያው ፈቃድና በለንደኑ ንጉሣዊ የጂኦግራፊ ማኅበር ድጋፍ ነው። ከዘይላ የተነሣው የሙስሊም ነጋዴ መስሎ ነበር። ሐረር ሊደርስ ሲል ግን ሐሳቡን ቀየረ። ከምክንያቶቹ አንዱን ራሱ ጽፎታል፤ የአገሩ ሰው በአደጋ ጊዜ ማንነቱን የሚሸሽግን ይንቃል ይላል። ስለዚህ የነጋዴነቱን ልብስ አወለቀ፤ በምትኩ የሐሰት ደብዳቤ ያዘ።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። «የዘመኑ ሰው ነው፣ በዚያን ጊዜ የምርምር ሥነ ምግባር የሚባል ነገር አልነበረም» የሚል መከራከሪያ ሁሌም ይነሣል። ነገር ግን ሕጉ ነበር። የመንገዱ ሰዎች ያውቁታል፤ በርተንም ከእነሱ ተምሮታል። ያልነበረው ሕጉን የሚያስከብር ነው።

በርተን ሐረር ለ10 ቀናት ቆይቶ በሰላም ተሸኘ። በ1856 እ.ኤ.አ. መጽሐፉን ለንደን ላይ አሳተመ። በመጽሐፉ ስለ ከተማዋ፣ ስለ ንግዷና ስለ አገዛዟ ጻፈ፤ በመጨረሻም የሐረሪ ቋንቋ ሰዋስውና የቃላት ዝርዝር አከለበት። የሐረርን ታሪክ የሚያጠና ሰው ዛሬም ያነበዋል። ነገሩን ከባድ የሚያደርገው ይህ ነው። ጠቃሚ እውቀት በውሸት በር ገብቶ ወጣ።

ዛሬ የምርምር ጥፋት ተብለው በየአገሩ ደንብ የተመዘገቡት በዋናነት ሦስት ናቸው፦ መረጃ መፍጠር፣ መረጃ ማዛባትና የሌላውን ሥራ የራስ ማድረግ። የበርተንን ደብዳቤ በዚህ ወንፊት ብናበጥረው ያልፋል፤ ደብዳቤው «መረጃ» አይደለምና። ተመራማሪው ለባልደረቦቹ ታማኝ ሆኖ ለአስተናጋጆቹ ውሸታም ሊሆን ይችላል።

ከ28 ዓመት በኋላ እዚያው ሐረር የተጻፈ ሌላ ወረቀት አለ። አርተር ራምቦ ለባርዴ የንግድ ድርጅት ሲሠራ በዲሴምበር 1883 እ.ኤ.አ. ስለ ኦጋዴን ሪፖርት ጻፈ፤ የፓሪሱ የጂኦግራፊ ማኅበርም በ1884 አሳተመው። ራምቦ ወደ ኦጋዴን የዘለቀው ባልደረባው ሶቲሮ መሆኑን በጽሑፉ ውስጥ ገልጿል። የቡና ነጋዴ ያመጣው ሪፖርት ነው፤ ግን ማን ምን እንዳየ ለይቶ ይናገራል። ቢሆንም በሁለቱም ጽሑፎች አንድ ወገን ድምፅ የለውም። የሚጠናው ሰው በለንደንም በፓሪስም አልተጠየቀም።

ወደ ዛሬው እንምጣ። የምርምር ታማኝነትን የሚመለከተው የመጀመሪያው የዓለም ጉባኤ በ2007 እ.ኤ.አ. ሊዝበን ላይ ሲካሄድ የአውሮፓ የሳይንስ ፋውንዴሽንና የአሜሪካ መንግሥት የምርምር ታማኝነት ቢሮ በጋራ አዘጋጁት። የአሜሪካው ቢሮ ለእንዲህ ዓይነት ጉባኤዎችና ዓውደ ጥናቶች የድጋፍ ገንዘብ ይሰጣል። በ2010 ሲንጋፖር ላይ መግለጫ ወጣ፤ ሐቀኝነት፣ ተጠያቂነት፣ ፍትሐዊነትና በአደራ የተሰጠን በአግባቡ መያዝ የሚሉ መርሆች ጸደቁ። ጉባኤው አፍሪካ ለመድረስ 15 ዓመት ፈጀበት። በ2022 ኬፕታውን ላይ ሲሰበሰብ ነው «የሄሊኮፕተር ምርምር» በዋና አጀንዳነት የተነሣው፤ ማለትም ከውጭ መጥቶ ማረፍ፣ መረጃ መሰብሰብ፣ ከዚያም ተነሥቶ መብረር። በርተን የመጣው በበቅሎ ነው እንጂ አካሄዱ ይኸው ነው።

ለዓውደ ጥናት የሚወጣ ገንዘብ ምን ይጠቅማል? በአገራችን ወርክሾፕ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስታውሰው የሆቴል አዳራሽ፣ ባነር፣ የሻይ ሰዓትና አበል ነው። ትችቱ መሠረት አለው። ግን ገንዘቡ በትክክለኛው እጅ ሲገባ ምን እንደሚሠራ የደቡብ አፍሪካ የሳን ሕዝብ አሳይቷል። ሳኖች በረሃብ ጊዜ የሚያኝኩትን ሁዲያ የተባለ ተክል ጠቀሜታ የአገሪቱ የምርምር ተቋም እነሱን ሳይጠይቅ የፈጠራ መብት አወጣበት፤ የጥቅም መጋራት ስምምነቱ የተፈረመው በ2003 ነው። ከዚያ በኋላ በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ በተደገፈ ፕሮጀክት እየተሰበሰቡ መከሩና በ2017 የራሳቸውን የምርምር ሕግ አወጡ። አክብሮት፣ ሐቀኝነት፣ ፍትሕና እንክብካቤ ይላል። ስለዚህ ጥያቄው ስብሰባው ይኑር አይኑር ሳይሆን ማን ጠርቶት ማን ይናገርበታል የሚለው ነው።

ሐረር ለዚህ የሚሆን ሁሉ አላት። ጁገል በ2006 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ስትመዘገብ 82 መስጊዶችና 102 የቅዱሳን መካናት ተቆጥረውላታል። የእጅ ጽሑፎቿ በሸሪፍ ሙዚየምና በየቤቱ ተቀምጠዋል። ተመራማሪውም አይቋረጥም፤ ቋንቋውን፣ ጌ ጋሩን፣ ጅቡን፣ ሥርዓቱን ሊያጠና ይመጣል። የእጅ ጽሑፉን ፎቶ ያነሣል፣ ሽማግሌውን ይቀርጻል። ቅጂው ለባለቤቱ ይመለሳል ወይ? ስሙስ ይጠራል ወይ? ይህን የሚጠይቅ ሕዝባዊ ተቋም ከውጭ መምጣት አያስፈልገውም፤ አፎቻ አለ። ሐዘንና ሠርግን ለዘመናት ያስተዳደረ ማኅበር «ምን ልታደርግ መጣህ? ማን ከፈለህ? ምን ትመልሳለህ?» ብሎ መጠየቅ አያቅተውም።

ስለ ምርምር ታማኝነት ለሚመክር ጉባኤ ድጋፍ የሚያመለክት ዩኒቨርሲቲ ከበጀቱ የተወሰነውን ለዚህ ይመድብ። ጉባኤው በሆቴል ብቻ ሳይሆን በጌ ጋር ይቀመጥ፤ የእጅ ጽሑፍ ባለቤቶች በታዳሚነት ሳይሆን በሕግ አውጪነት ይጠሩ፤ ውሎው በሐረሪ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማልኛና በአማርኛ ይካሄድ። ለጋሹም የሰርተፍኬት ቁጥር ሳይሆን የተጻፈውን ሕግ ይጠይቅ።

አሚር አሕመድ የሥነ ምግባር ኮሚቴ አልነበራቸውም። ያደረጉት ግን ከኮሚቴዎች ብዙዎቹ የማያደርጉትን ነው፦ ማኅተምና ወረቀት አላረካቸውም፤ ምንጣፉ ላይ አኑረው ሰውዬውን ጠየቁት። የጎደላቸው የሚሰማውን ቃል የሚያጣሩበት መንገድ ነበር። ዛሬ ጉባኤና ገንዘብ የሚያስፈልገው ለዚያ ነው።