የወርቅ ሰዓት ምስክርነት

ወርቅ ለጌጥ፣ ሰዓት ለሥራ ተፈጠረ ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም። ሁለቱ በአንድ ላይ በተገናኙ ጊዜ ግን ሦስተኛ ነገር ይወለዳል፤ ይኸውም ክብር ነው። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመነ መንግሥት በታማኝነት ያገለገለ ሹም ወይም ከሩቅ አገር የመጣ እንግዳ ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የወርቅ ሰዓት ይቀበል የነበረው ስለዚህ ነው። ዛሬ እነዚያ ሰዓቶች ከተሸላሚዎቹ ወደ ልጆቻቸውና ወደ ልጅ ልጆቻቸው ተላልፈዋል። ወራሾቹም፣ «ይህ ነገር እውነተኛ ነውን? ዋጋውስ ምን ያህል ነው?» እያሉ ይጠይቃሉ። እኛም በዚህ ጽሑፍ የጥያቄውን መፍቻ ከታሪክ ጋር አገናዝበን ልናመለክት ወደድን።

ነገሩን ከመልካሳ ብንጀምር ያለ ምክንያት አይደለም። መልካሳ ከአዳማ ወደ አሰላ በሚወስደው መንገድ፣ በአዋሽ ወንዝ አጠገብ የምትገኝ ከተማ ናት። የአካባቢዋ ሕዝብ ቀኑን በፀሐይ መውጣትና መግባት ሲለካ ኖሯል። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ በአዳማ በኩል አልፎ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ ግን ደቂቃ የሚባል አዲስ ጌታ መጣ። ባቡሩ ባለርስትንም ሆነ ባላገርን አይጠብቅምና። ለሐዲዱ ሥራ ብዙ የደከሙት የዳግማዊ ምኒልክ አማካሪ አልፍሬድ ኢልግ የሰዓት ሠሪዎች አገር ከሆነችው ከስዊስ የመጡ ሰው መሆናቸውም ሊታሰብ የሚገባው ነው። ከዚያ በኋላ በ1946 ዓ.ም. የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሥራ ጀመረ፤ በ1952 ዓ.ም. የቆቃ ግድብ ተመረቀ፤ በ1961 ዓ.ም. በመልካሳ የእርሻ ምርምር ጣቢያ ተቋቋመ። በእነዚህ የሥራ ቦታዎች ሁሉ ሰዓት ጌጥ ብቻ ሳይሆን የዕለት እንጀራ መቆጣጠሪያ ሆነ።

እንግዲህ በዚህ አካባቢ አንድ ቤተ ሰብ ከአያቱ ሣጥን ውስጥ የወርቅ ሰዓት አገኘ እንበል። ወደ ወርቅ ቤት ቢወስደው ባለሱቁ ቶሎ ብሎ ወደ ሚዛን ያወጣዋል። ሚዛን ስለ ወርቁ እንጂ ስለ ሰዓቱ አይናገርም። የሰዓቱ ቤት 12 ግራም ቢመዝንና ወርቁ ባለ 18 ካራት ቢሆን፣ ንጹሑ ወርቅ 9 ግራም ብቻ ነው፤ የቀረው መዳብና ብር ነው። ሻጩም የ9 ግራም ዋጋ ይዞ ይመለሳል፤ ሰዓቱ ግን ወደ ከውር ገብቶ ቀለበት ይሆናል። የጠፋው ምን እንደ ሆነ የሚያውቅ አይኖርም። ስለዚህ ከሚዛን በፊት ሦስት ጥያቄዎችን ለይቶ መመርመር ያስፈልጋል፤ የመጀመሪያው ዕቃው እውነተኛ ነውን? ሁለተኛው ዋጋው ምንድን ነው? ሦስተኛው ባለቤቱ ማን ነው? የሚሉት ናቸው።

ስለ እውነተኛነት አገራችን ጥሩ አስተማሪ አላት፤ እርሱም የማርያ ቴሬዛ ብር ነው። በዚህ ብር ላይ የተቀረጸው ዓመት እ.ኤ.አ. 1780 ሲሆን ንግሥቲቱ ያረፉትም በዚያው ዓመት ነው። ይሁን እንጂ ብሩ ከዚያ በኋላ በቪየና፣ ቆይቶም በሮማና በለንደን ያንኑ ዓመት እንደ ያዘ ሲመታ ኖረ። ክብደቱ 28 ግራም ያህል፣ ብሩም ያልተጓደለ ነበር፤ ዓመቱ ግን የተሠራበት ዓመት አልነበረም። ከዚህ የምንማረው፣ አንድ ዕቃ በማዕድኑ እውነተኛ፣ በዕድሜው ግን ሌላ ሊሆን እንደሚችል ነው። በሰዓትም ረገድ የወርቁ እውነት፣ የመሣሪያው እውነትና የታሪኩ እውነት እየራሳቸው ይመረመራሉ።

የወርቁ እውነት በማኅተም ይታወቃል። ንጹሕ ወርቅ 24 ካራት ሲሆን 18 ካራት ከሺህ 750 እጅ፣ 14 ካራት ከሺህ 585 እጅ ወርቅ ማለት ነው። ስዊስ እ.ኤ.አ. በ1880 ባወጣችው ሕግ መሠረት የባለ 18 ካራቱ ምልክት ሔልቬቲያ የምትባለው የሴት ራስ፣ የባለ 14 ካራቱ ደግሞ ሽኮኮ ነበረ። እ.ኤ.አ. ከ1995 ወዲህ በእነዚህ ምትክ የውሻ ራስ ገብቷል። ፈረንሳይ በበኩሏ ለ18 ካራት የንስር ራስ ታትማለች። እንግዲህ በ1940ዎቹ ተሠራ በተባለ ሰዓት ላይ የስዊስ የውሻ ራስ ቢገኝ ነገሩ እርስ በርሱ ይጋጫል። ወርቅ የተቀባ ሰዓትም በብዛት አለ፤ የመሙያው ዙሪያና የጀርባው ጠርዝ ተፍቆ ሌላ ቀለም ካሳየ ቅብነቱ ይገለጣል።

የመሣሪያው እውነት የሚታወቀው ክዳኑ በሰለጠነ ሰዓት ሠሪ ሲከፈት ነው። ገጹ ላይ የተጻፈው ስምና በውስጥ መሣሪያው ላይ የተቀረጸው ስም አንድ መሆን አለባቸው። የአንዱ ሰዓት ቤት ከሌላው መሣሪያ ጋር ተጋብቶ የሚሸጥበት ጊዜ አለና። በተለይም ቁጥሩ መጻፍ አለበት። በ1832 የተቋቋመው ሎንዢን፣ በ1839 የተቋቋመው ፓቴክ ፊሊፕና በ1848 የተቋቋመው ኦሜጋ የቀድሞ ሥራቸውን መዝገብ ጠብቀዋል፤ (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ቁጥሩ ከመዝገቡ ጋር ሲመሳከር ሰዓቱ የተሠራበት ዘመን ይታወቃል። ገጹን አዲስ ቀለም ማስቀባትና ቤቱን እስኪያብለጨልጭ ማስወልወል ግን ዋጋን ይቀንሳል፤ ማኅተሙንና ጽሑፉን ያጠፋልና። ዝገትና ጭረት አንዳንድ ጊዜ ከአዲስ ውበት ይልቅ የታመኑ ምስክሮች ናቸው።

የታሪኩ እውነት ከሁሉ ይበልጥ ይከብዳል። የጄኔቭ መዝገብ ሰዓቱ መቼ እንደ ተሠራ ይናገራል፤ ማን ለማን፣ በምን ውለታ እንደ ሰጠው ግን አያውቅም። ይህን የሚያውቁት የሽልማቱ ደብዳቤ፣ በዕለቱ የተነሣው ፎቶግራፍ፣ የዘመኑ ጋዜጣና የሽማግሌዎች ቃል ናቸው። በገጹ ላይ የንጉሠ ነገሥቱ አርማ መታየቱም ብቻውን አይበቃም፤ አርማ ቆይቶ ሊሣል ይችላልና። ሁለት ሰዓቶች በወርቅ፣ በመሣሪያና በዕድሜ እኩል ሆነው ሳለ፣ ደብዳቤ ያለው ከሌለው እጅግ የሚበልጠው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለ ሦስተኛው ጥያቄ ዓለም የተመለከተው ምሳሌ አለ። በኅዳር 1947 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ስዊስን በጎበኙ ጊዜ ተሰጣቸው የተባለ፣ ቁጥሩ 2497 ከሚባለው ዐይነት የሆነ የፓቴክ ፊሊፕ የወርቅ የእጅ ሰዓት፣ በኅዳር 2010 ዓ.ም. ክሪስቲስ በተባለው ድርጅት አማካይነት በጄኔቭ ለጨረታ ቀርቦ ነበር። ሰዓቱ ቀኑን፣ ወሩንና የጨረቃን መልክ የሚያሳይ፣ የወሮችን ማጠርና መርዘም ራሱ የሚያውቅ ድንቅ ሥራ ነው። ነገር ግን ስለ ባለቤትነቱ ክርክር ስለ ተነሣ ከጨረታው እንዲወጣ ሆነ። ክርክሩ የወርቁን ጥራት ወይም የመሣሪያውን ዐይነት የሚመለከት አልነበረም። በመስከረም 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ከወረዱ በኋላ ዕቃው በማን እጅና በምን መብት ተላለፈ የሚለው ጥያቄ ነበር። የወራት ቀናትን አንድም ሳይስት የሚቆጥር ሰዓት የራሱን መንገድ ሊናገር አልቻለም።

እንግዲህ ለተማሪዎች፣ ለመምህራንና ለመሥሪያ ቤት ባልደረቦቻችን የምናሳስበው ይህን ነው። በአያት ሣጥን ውስጥ ሰዓት ሲገኝ አስቀድሞ ቁጥሩ ይጻፍ፤ ማኅተሙ በማጉያ መነጽር ይታይ፤ ፎቶግራፉ ይነሣ። ከሁሉ በፊት ግን ያገኘበትን ዕለት የሚያስታውስ ሽማግሌ ካለ፣ ቃሉ ከነቀኑና ከነስሙ በወረቀት ላይ ይስፈር። ወርቁ መቶ ዓመት ቢቀመጥ አይበላሽም፤ የሽማግሌው ቃል ግን ነገ ላይገኝ ይችላል። ስዊሶች የሠሩትን መዝግበው አቆይተዋል፤ የተቀበልነውን መዝግቦ ማቆየት የእኛ ፈንታ ነው። ይህ ከተደረገ ወራሹ ሰዓቱን ቢያስቀምጠውም ቢሸጠውም ምን እንደ ያዘ ዐውቆ ያደርገዋል።