የካንሰርን መልእክት የሚያግዱ መድኃኒቶች፦ እንዴት ይሠራሉ? ለማንስ ይጠቅማሉ?

ቡና የጠጣ ሰው እንቅልፍ የሚርቀው በቡናው ውስጥ ያለው ካፌይን፣ አዴኖሲን የተባለው ንጥረ ነገር ለአንጎል የሚያደርሰውን የድካም መልእክት ስለሚያግድ ነው። መልእክትን በማገድ የሚሠሩ መድኃኒቶች ለካንሰር ሕክምናም ይውላሉ፤ ሌሎችም በሙከራ ላይ ናቸው።

ማገድ ሲባል ምን ማለት ነው?

የሰውነታችን ሕዋሳት ሪሴፕተር የሚባሉ መልእክት ተቀባዮች አሏቸው። ተቀባዩ ጓጉንቸር ቢሆን ሆርሞኑ ቁልፍ ነው። አጋጁ መድኃኒት ጓጉንቸሩ ውስጥ ገብቶ የማይዞር ቁልፍን ይመስላል፤ ራሱ አይከፍትም፣ ትክክለኛው ቁልፍ እንዳይገባም ይከለክላል። መራጭ አጋጅ የሚባለው አንድን ዓይነት ተቀባይ ለይቶ የሚይዝ ወይም በተወሰነ የአካል ክፍል ብቻ የሚያግድ ሲሆን ነው።

የታሞክሲፌን ታሪክ

ከእነዚህ መድኃኒቶች ሁሉ ይበልጥ የሚታወቀው ታሞክሲፌን ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) በእንግሊዝ የተቀመመው ለእርግዝና መከላከያነት ታስቦ ነበር፤ ለዚያ ግን አልሆነም። በማንችስተር ክሪስቲ ሆስፒታል 46 የጡት ካንሰር ታማሚዎች ወስደውት 10ሩ መሻሻል አሳዩ፤ ውጤቱም በ1971 ታተመ። በኋላ በብዙ ሺህ ሴቶች ላይ የተደረጉ ጥናቶች፣ ተቀባዩ ያላቸው ታማሚዎች መድኃኒቱን ለ5 ዓመታት ሲወስዱ በጡት ካንሰር የመሞት አደጋቸው በሲሶ ገደማ እንደሚቀንስ አረጋገጡ።

በኢትዮጵያስ?

የጡት ካንሰር በአገራችን ሴቶች ላይ በብዛት የሚከሰት ካንሰር ነው። በአዲስ አበባ የታከሙ 352 ሴቶችን ናሙና መርምሮ በ2014 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ 65 በመቶ በሚሆኑት ዕጢ ላይ የኤስትሮጅን ተቀባይ መገኘቱን አመልክቷል። በየቀኑ የምትዋጥ አንዲት እንክብል ከሦስት ታማሚዎች ሁለቱን ልትጠቅም ትችላለች ማለት ነው። ተቀባዩ ለሌላት ሴት ግን መድኃኒቱ አይረዳም። ስለዚህ ከዕጢው ናሙና ተወስዶ የተቀባዩ መኖር አለመኖር አስቀድሞ መታወቅ አለበት።

በሙከራ ላይ ያሉት

በቡና የታገደው አዴኖሲን በካንሰር ዕጢ ዙሪያም ይከማቻል፤ በዚያም የሰውነትን ተከላካይ ሕዋሳት ያዳክማል። ተመራማሪዎች ይህን ተቀባይ ለይተው የሚያግዱ መድኃኒቶችን በኩላሊትና በሌሎች ካንሰሮች ታማሚዎች ላይ እየሞከሩ ነው። አንድ መድኃኒት በመጀመሪያ ለደኅንነቱና ለመጠኑ፣ ቀጥሎ ለውጤታማነቱ፣ በመጨረሻም ከነባሩ ሕክምና ጋር በማነጻጸር በብዙ ሰዎች ላይ ይፈተሻል። ብዙዎቹ ከዚህ ወንፊት አያልፉም። ቡና መጠጣትም የካንሰር ሕክምና አለመሆኑን መገንዘብ ያስፈልጋል።

ታማሚዎች ሊያስተውሉት የሚገባ

በጡቷ ላይ እብጠት፣ የቆዳ መሰርጎድ ወይም ከጡት ጫፍ ደም ያየች ሴት ሕመም ባይሰማትም ሳትዘገይ በአቅራቢያዋ ወዳለ ጤና ተቋም መሄድ ይኖርባታል። ካንሰር ከተገኘ «የተቀባይ ምርመራ ተደርጎልኛል?» ብላ መጠየቅ መብቷ ነው። ታሞክሲፌን የታዘዘላትም ሕመሙ የጠፋ ቢመስላት በራሷ ፈቃድ ማቋረጥ የለባትም። ነፍሰ ጡር ከሆነች፣ እግሯ ካበጠ ወይም ያልተለመደ የማኅፀን ደም ካየች ለሐኪሟ ወዲያውኑ መንገር ይገባታል። እብጠቱ ገና ትንሽ ሳለ የሚደረግ የአንድ ቀን ጉዞ፣ ቡና እስኪለቀም ተብሎ ከሚራዘም ቀጠሮ እጅግ ይሻላል።