የማሌ አሽቲሜና የቴሌቪዥን ድራማ

በአዲስ አበባ ደቡብ፣ በንፋስ ስልክ ላፍቶ የሚገኘው ጎፋ ሰፈር ስሙን የሚጋራው በደቡብ ኢትዮጵያ ካለው የጎፋ ምድር ጋር ነው። በዚያ ምድር አዋሳኝ፣ ቀድሞ በገሙ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት ይቈጠር በነበረው፣ ዛሬ ግን በደቡብ ኦሞ ዞን በሚገኘው አገር፣ ማሌ የተባለ ሕዝብ ይኖራል። የሰፈሩ ነዋሪ በየማታው በቴሌቪዥን ከውጭ አገር የመጣ ድራማ ያያል፤ በወንድና በሴት መካከል ያለውን ድንበር የተሻገረ ሰው በታሪኩ ውስጥ የገባ እንደ ሆነም ነገሩን ከባሕር ማዶ የመጣ እንግዳ ነገር አድርጎ ይቈጥረዋል። በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመረምረው ይህ ግምት ከታሪክ ጋር መስማማቱን ነው። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።

አሜሪካዊው የሥነ ሰብ ሊቅ ዶናልድ ዶንሃም በ1970ዎቹ አጋማሽ በማሌ ተቀምጦ ያጠናውን በ1990 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ አሽቲሜ ስለሚባሉ ሰዎች ጽፏል። አሽቲሜዎች በአካል ወንዶች ሆነው ሳሉ እንደ ሴት የሚለብሱ፣ የሴት ሥራ የሚሠሩ፣ የራሳቸውን ቤት የሚያስተዳድሩ ነበሩ። ከወንዶች ጋርም ይተኙ እንደ ነበረ ይነገራል። የማሌ ሰዎች ለዶንሃም እንደ ነገሩት፣ በ19ኛው መቶ ዓመት ቍጥራቸው ከዚያ በኋላ ከታየው የበዛ ነበር፤ ጠባቂያቸውም ካቲ የሚባለው ንጉሥ ነበር። ንጉሣዊ ሥርዓት በሚፈጸምበት ዋዜማ ንጉሡ ከሴት መራቅ ይገባው ነበር፤ ከአሽቲሜ ግን አይከለከልም ነበር። ዶንሃም ማሌ በገባበት ዘመን የቀረው አሽቲሜ አንድ ብቻ ነበር።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ዛሬ ትራንስጀንደር የሚለው ቃል ሲወለድ ከተነገረለት ጾታ የተለየ ጾታ የራሱ መሆኑን የሚያውቅን ሰው ያመለክታል። ይህ አሳብ የሚመነጨው ሰው ስለ ራሱ ካለው ዕውቀት ነው። አሽቲሜ የሚለው ስም ግን ሕዝቡ ለአንድ ዓይነት ሰው የሰጠው ማዕርግና የሥራ ድርሻ ነው። ስለዚህ ሁለቱን አንድ ናቸው ማለት ስሕተት ይሆናል። ሆኖም ማሌዎች እንዲህ ያለውን ሰው በስም ያውቁት፣ ቦታም ይሰጡት እንደ ነበረ ማስረጃው ያረጋግጣል።

ይህ ትዝታ ወደ ከተማው መድረክ አልደረሰም። በአዲስ አበባ ቴአትር በተጀመረበት ዘመን፣ በ1935 የተመሠረተው የሀገር ፍቅር ማኅበር መድረክ ጭምር፣ የሴትን ገጸ ባሕርይ የሚጫወቱት ብዙውን ጊዜ ወንዶች ነበሩ። ምክንያቱም ሴት በአደባባይ መጫወቷ እንደ ነውር መቈጠሩ ነው። እነ ሰላማዊት ገብረ ሥላሴ በተዋናይነት ሲሰለፉ ይህ ልማድ እየቀረ ሄደ። የዚያ ዘመን ቀሚስ የመድረክ ልብስ ብቻ ነበር፤ ጨዋታው ሲያልቅ ይወልቃል፤ ተመልካቹም ይህን ያውቃል።

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1964 ሲከፈት ከመድረኩ የወረሰው ተዋናይንና ጽሑፍን ነው። የ1957ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ ኋላም የ2004ቱ የወንጀል ሕግ በ629ኛው አንቀጽ፣ በአንድ ጾታ መካከል የሚፈጸመውን ግብረ ሥጋ ይቀጣሉ። የጾታ ማንነትና ይህ ድርጊት የተለያዩ ነገሮች ቢሆኑም በሕዝብ ንግግር ስለሚደባለቁ፣ ደራሲው ጉዳዩን ከመንካት መቈጠቡ አያስደንቅም። ካና ቴሌቪዥን ከ2016 ጀምሮ የውጭ ድራማዎችን ወደ አማርኛ እየመለሰ ሲያሳይ፣ ተመልካቹ የሌላውን አገር የታሪክ አነጋገር ለመደ።

ይህ አነጋገር በተወለደበት አገር ምን ይመስል ነበር? በ1977 «ዘ ጀፈርሰንስ» በተባለው የአሜሪካ ድራማ የጀግናው የውትድርና ጓደኛ ሴት ሆና ትመጣለች፤ ሳቁም ከሰዎቹ ግራ መጋባት ይመነጫል። ግላድ የተባለው የአሜሪካ ማኅበር በ2012 ካለፉት ዐሥር ዓመታት ድራማዎች 102 ክፍሎችን መርምሮ፣ ከመቶ 54ቱ ትራንስጀንደር ሰዎችን በክፉ ገጽታ ማሳየታቸውን ገለጸ። ከመቶ 40 በሚሆኑት ተጠቂ፣ ከመቶ 21 በሚሆኑት ነፍሰ ገዳይ ወይም ወንጀለኛ ሆነው ቀርበዋል። በእንግሊዝ ደግሞ «ኮሮኔሽን ስትሪት» በ1998 ሄይሊ የተባለችውን ሴት አስገባ። ሄይሊ በዚያ ሰፈር ሠርታ፣ ባል አግብታ፣ በ2014 እስክትሞት ድረስ እንደ ማንኛዋም ጎረቤት ኖረች። የ1999ኙ ጋብቻዋ በሕግ ያልጸና ነበር፤ በ2004 የጾታ ዕውቅና ሕግ ከወጣ በኋላ ግን በ2010 በሕግ ተጋባች። ይሁን እንጂ የተጫወተችላት ተዋናይ ትራንስጀንደር አልነበረችም። በ2018 የጀመረው «ፖዝ» ነው ዋና ዋና ገጸ ባሕርያቱን ለትራንስጀንደር ተዋንያን የሰጠ።

ከእነዚህ ምሳሌዎች አንድ ነገር እንረዳለን። ድራማ የሚመገበው ከምስጢር ነው። የተደበቀ ነገር ይኖራል፤ ይገለጣል፤ ቤተሰብ ይናወጣል። ትራንስጀንደር ሰው በዚህ ቅርጽ ሲገባ ሕይወቱ ሁሉ ወደ አንዲት የመገለጥ ሰዓት ይጠባል፤ ሰውየውም አታላይ ይመስላል። ሄይሊ ከብዙዎቹ የምትለየው ምስጢሯ ከተገለጠ በኋላ ታሪኳ ዐሥራ አምስት ዓመት ያህል ስለ ቀጠለ ነው። በማሌ ግን የሚገለጥ ምስጢር አልነበረም። አሽቲሜ በቀን ብርሃን እንደ ሴት ለብሶ ይሠራ ነበር፤ ጥያቄውም «ይህ ሰው በእውነት ማን ነው?» ሳይሆን «ቦታው የት ነው?» የሚል ነበር።

ይህን ስንል የማሌን ሥርዓት ማሞገሳችን አይደለም። ቦታው የተገኘው ሴትን ከንጉሣዊ ሥርዓት ከሚያርቅ ልማድ ነው፤ ጥበቃውም በንጉሡ ላይ የቆመ ነበርና ከንጉሡ ኀይል በኋላ ሊጸና አልቻለም። ነገር ግን በጎፋ ሰፈር በቴሌቪዥን ፊት የተቀመጠ ሰው «ይህ ከእኛ ምድር ያልታየ ነው» ቢል፣ የሰፈሩን ስም ከሚጋራው ምድር አጠገብ ያለው ታሪክ ይመልስለታል። የአሽቲሜዎቹ ቍጥር ወደ አንድ በወረደበት ሰዓት አንድ ተመራማሪ ባይጽፈው ኖሮ፣ ይህን መልስ የሚሰጥ ጽሑፍ በእጃችን ባልኖረ ነበር። ስለዚህ ስለ እንዲህ ያሉ ሰዎች ለመጻፍ የሚነሣ ደራሲ፣ ምስጢር ከመፈልሰፉ አስቀድሞ የየአገሩን ሽማግሌዎች ስለ ስሙና ስለ ቦታው ይጠይቅ።